ብርቱካኑ ሳሎን

ሆለታ ውስጥ የቤት ግድግዳ ክሬም ነው። ክሬም ካልሆነ ነጭ ነው፤ ነጭ ካልሆነም ነጭ የነበረ ነው። ሳሎኔን ብርቱካናማ ላስቀባ ስነሣ ቀለም ቀቢው ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ አንዱን ግድግዳ ብቻ ነው አይደል?» አለ። አራቱንም አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «እትዬ ያውቃሉ?»

ምክንያቴ ብርዱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖር ሰው በሐምሌ ማለዳ ከአልጋው ወርዶ፣ ውጭ ጉም፣ ውስጥ ክሬም ሲያይ ተመልሶ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ደግሞ ቀለም ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ዙሪያችን የአበባ እርሻ ነው። ጽጌረዳችን ቦሌ ደርሶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሆላንድ ይገባል። ብርቱካናማ ደግሞ የሆላንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ ቀለም ነው፤ የንጉሣቸው ልደት በሚከበርበት ሚያዝያ 19 ቀን ሕዝቡ ብርቱካናማ ለብሶ አደባባይ ይወጣል። አበባችንን የሚገዛን ደንበኛ ቀለም ሳሎን ብናስገባ ምን ነውር አለው?

ቀለሙ ግን ጠባየ ክፉ ነው። ካታሎጉ ላይ ጥፍር የምታህል ጨዋ ቁራጭ ነበረች። አራት ግድግዳ ላይ ስትወጣ አንዱ ለሌላው እያንጸባረቀ ይብስበታል። የታቹንም ቶሎ አይሸፍንም። ሁለተኛ እጅ ተቀብቶ እንኳ የድሮው ክሬም በሶኬቱ ዙሪያ ብቅ እያለ ያየን ነበር፤ በሦስተኛው እጅ ነው እጅ የሰጠው። ለሦስተኛው እጅ የተጠየቅኩትን ሒሳብ ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ስለምታነብ እዘለዋለሁ።

ገና ሽታው ሳይወጣ አንድ መንገደኛ በተከፈተው በር አንገቱን አስግጎ፣ «አዋሽ ባንክ እዚህም ከፈተ?» አለን። አልተቀየምኩም። አዋሽ ወንዝ ራሱ የሚነሣው ከእኛ አለፍ ብሎ በጊንጪ በኩል ነው፤ ባንኩ ከእኔ ሳሎን ቢነሣ ምን ይገርማል? እህቴ ከዱባይ በቪዲዮ ደውላ፣ «እናንተ ጋ መሸ እንዴ? ጀምበሯ እኮ ልትጠልቅ ነው» አለች። ቁርስ ላይ ነበርን።

የባሰው የጎረቤታችን የእማማ ነው። ፊቴን ትክ ብለው አዩና ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ የወፍ በሽታ ይዞሃል።» የግድግዳው ነጸብራቅ ነው ብላቸው ማን ሰምቶኝ! እጄን ይዘው ደጅ አውጥተው፣ የዓይኔን ቆብ ገልብጠው በፀሐይ ካዩ በኋላ ነው የተመለሱት። አሁን ቡና ስናፈላ በረንዳ ላይ ካልሆነ አይጠጡም።

ቀቢው ብቻ ኮርቶብኛል። አዲስ ደንበኛ ባገኘ ቁጥር፣ «ሥራዬን ላሳይዎት» እያለ ወደ እኔ ያመጣል። እንግዶቹም መሐል ሳሎን ቆመው፣ በእጃቸው ግድግዳውን ዳበስ አድርገው፣ «እንዴት ደስ ይላል!» ይላሉ፤ ቡናቸውን እስከ ሦስተኛው ድረስ ይጠጣሉ፤ ከዚያ በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ክሬም ያዛሉ።