አልጋ ተይዟል

ለተማሪ ጉዞ ማረፊያ መምረጥ ከባድ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ተማሪ ይዘው ደባርቅ ሄደው አያውቁም፤ ሄደውም ከሆነ ኮሚቴ ውስጥ አልነበሩም። በእኛ ዘንድ ማረፊያ አይመረጥም፣ ይገኛል። ማለዳ ይነሳል የተባለው አውቶቡስ ዳቦ ሲጠበቅ፣ ድምፅ ማጉያ ሲፈለግ፣ የርእሰ መምህሩ ንግግር ሲደመጥ ቀኑ ይጋመሳል። ከዚያ ከጎንደር ወጥቶ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ገደብዬን አልፎ፣ ዳባት ላይ ለቡና ቆሞ፣ መቶ ኪሎ ሜትሯን ጨርሶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደባርቅ ይገባል። ሾፌሩ ማንንም ሳይጠይቅ መሪውን ወደሚያውቀው ግቢ ይጠመዝዛል። “አልጋ ተይዟል” ይባላል። ማን ያዘው፣ መቼ ያዘው፣ ለስንት ሰው ያዘው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ የሥነ ምግባር ውጤቱ ይታይለት።

ከ2015 ክረምት ወዲህ የዚያ አካባቢ መንገድ ለሽርሽር የሚመች ስላልሆነ አውቶቡሱም ኮሚቴውም ቤቱ ተቀምጧል። እኔን የሚያሰጋኝ ሰላሙ ሲመለስ ዕውቀቱ ጠፍቶ እንዳይገኝ ነው። አንዱ ወጣት መምህር ተነስቶ “ልጆቹ የሚያድሩበትን ቤት ቀድመን ሄደን እንየው” ቢልስ? ነባሩ ጥበብ በጽሑፍ መቆየት አለበት።

ከሾፌሩ እንጀምር፤ መራጩ እሱ ነውና። አርባ እንግዳ ጭኖ የመጣ ሾፌር የሚተኛበት አልጋና የሚበላው ጥብስ ሒሳብ የለበትም። ይህ በአገሩ መንገድ ሁሉ የታወቀ ሕግ ነው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይጥሰውም። እንግዲህ አንድን ቤት ለተማሪ የሚያስመርጠው የጥብሱ ብስለት ነው ማለት ነው። መጥፎ መመዘኛ አይደለም። ቢያንስ አንድ ነገር ተቀምሷል። ፍራሹን ግን ማን ይቀምሰዋል?

“የግዥ መመሪያውስ?” የሚል አይጠፋም። መመሪያው ይከበራል እንጂ! ሦስት ፕሮፎርማ ይቀርባል። ሦስቱም ከአንድ ግቢ ይወጣሉ፤ አንዱ የባለቤቷ፣ አንዱ የእህቷ፣ አንዱ ቆርቆሮ የሚሸጠው የአማቿ ማኅተም ነው። አንድ ካርቶን ጠመኔ ለመግዛት ናሙና አስመጥቶ በጥፍሩ ፍቆ የሚያይ ትምህርት ቤት፣ ልጅ ለሚያድርበት ክፍል ደረሰኝ መኖሩ ብቻ ይበቃዋል። ጠመኔ ይሰበራላ።

ዳባት ማደር ይቻል ነበር። ከደባርቅ ዝቅ ያለች፣ ብርዷም የተሻለ፣ መንገዱ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጠዋት ተነስቶ ደባርቅ ለመድረስም ብዙ አይፈጅም። ኮሚቴው ይህን ሐሳብ “ዳባት ምን አለ?” በሚል ጥልቅ ጥናት ጥሎታል።

አሁን ወደ አልጋው ድልድል እንግባ። እንበል ቤቱ 18 አልጋ አለው። ተማሪው 42 ነው። መምህራኑ አራት ናቸው፤ ነገ ኃላፊነት ስላለባቸው አንድ አንድ አልጋ ይይዛሉ። ሾፌሩ ነገ ገደል ዳር ስለሚነዳ አንድ፣ ረዳቱ ሾፌሩን ስለሚቀሰቅስ አንድ። የቀረው 12 አልጋ ለ42 ተማሪ ይካፈላል። የሒሳብ መምህሩ በአንድ አልጋ ሦስት ነጥብ አምስት ተማሪ ብሎ ሲያወጣ፣ ኮሚቴው ነጥብ አምስቱ ማን እንደሚሆን ለመወሰን ግሮሰሪው ውስጥ ይሰበሰባል። ስብሰባው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሚቆየው በዚህ ምክንያት እንጂ በሌላ እንዳይመስላችሁ።

ብርድ ልብሱ አንድ ነው። ማን እንደለበሰው፣ መቼ እንደታጠበ አይጠየቅም። ቅማል የሚያመላልሰው ግርሻ በደጋው የቆየ በሽታ መሆኑን የባዮሎጂ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ አስተምሯል። ለፈተና ነበር እንጂ ለኑሮ አልነበረም።

ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ኮሪደር ያድራሉ፤ እኩልነት ነው። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ስለሆነ፣ ሌሊት የወጣች ልጅ በግሮሰሪው በረንዳ፣ አረቄ በያዙ ሰዎች መሐል ማለፍ አለባት። ሴት መምህርት አብራ እንዳትመጣ የአበሉ በጀት ለአራት ሰው ብቻ ነበር፤ አራቱም ቦታ በክፍል ኃላፊዎች ተይዟል። ታዲያ አንዷ ተማሪ ደፍራ ኮሚቴው ወደተሰበሰበበት ትመጣለች።

“ቲቸር፣ የኛ በር አይቆለፍም እኮ።”

“ወንበር አስደግፉበት።”

“ወንበር የለም።”

“ሻንጣችሁንስ?”

“ሻንጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ በፌስታል ብቻ ብላችሁን የለ?”

መምህሩ ይህችን ልጅ ለጥቂት ጊዜ ትኩር ብሎ ካያት በኋላ “ቁልፉ ቤቶች ጋ ይኖራል፣ ጠይቂ” ይላታል። ቤቶች ድራፍት እየቀዱለት ነው፣ እሱ ራሱ ዞር ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ልጅቱ ግን በራስ የመተማመን ክህሎት ማዳበር አለባት። የጉዞው ዓላማ ተራ ቁጥር 3 ላይ ተጽፏል።

በነገራችን ላይ የምንጎበኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዚህ ረገድ የሚገርም ጭንቀታም ነው። ጎብኚ ሁሉ ደባርቅ ባለው ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመድቦለት ነው የሚገባው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሣር ከመጋጥ በቀር ሥራ የሌለው የጭላዳ መንጋ መሐል ለሚሄድ ልጅ ባለ ክላሽ ጠባቂ! ትምህርት ቤቱ እንዲህ አይንቦቀቦቅም፤ በሌሊት፣ ቁልፍ በሌለው በር፣ ከግሮሰሪ ጀርባ፣ 42 ልጅ ያለ አንድ ዘበኛ ያሳድራል። ተማሪዎቹን አንድ ሁለት ብሎ ቆጥሮ የሚረከባቸውም ጠዋት የሚመጣው ስካውት ነው።

አሁን ብርዱ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ አጥንት ይበጣል ቢሉኝ አልከራከርም። 1,800 ሜትር ላይ ካለችው ባሕር ዳር የመጣ ልጅ በአንድ ቀን አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ፣ ጋቢ ሳይዝ፣ የአንድ አልጋ ሲሶ ላይ ይተኛል። ኮሚቴው ጨካኝ አይደለም። “ልጆቹ በረዳቸው” ሲባል ባለቤቷን ጠርቶ የፈጠነ እርምጃ ይወስዳል፦ በየክፍሉ አንድ አንድ ምድጃ ፍም ከሰል እንዲገባ፣ በሩና መስኮቱም ደህና አድርጎ እንዲዘጋ። የበሩ ክፍተት ሳይቀር በጨርቅ ይወተፋል። መቆለፊያ ያልተገኘለት በር መወተፊያ አያጣም።

ይህን እርምጃ የኬሚስትሪ መምህሩ በተለይ ሊኮራበት ይገባል። ከሰል ነዶ ፍም ሲሆን ጭሱ ይጠፋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አለ። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ደም ኦክስጅን መሸከሙን ትቶ እሱን ይሸከማል፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መከላከያ ሰዎች ብርድ በመጣ ቁጥር “ከሰል አስገብታችሁ በር አትዝጉ” እያሉ ጉሮሯቸው እስኪነቃ የሚጮኹት አንድ ምድጃ አንድ ቤተሰብ ሲጨርስ እያዩ ነው። እነሱ ግን የከተማ ሰዎች ናቸው፤ ብርድ አያውቁም።

የደባርቅ ነገር ደግሞ አንድ ልዩ ምቾት አለው። የከሰል መርዝ ያገኘው ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያዞረዋል። ከፍታ የመታውም ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያዞረዋል። ስለዚህ ጠዋት ልጅ እያስመለሰች ብትገኝ “ከፍታው ነው” ብሎ መገላገል ይቻላል። እርግጥ ከፍታ ክፍል ለይቶ አይመታም፤ አንድ ክፍል ያደሩት አራቱም ባንድ ላይ ራሳቸውን ይዘው ከወጡ፣ ጎረቤቶቻቸው ደህና ከሆኑ፣ ነገሩ ከምድጃው ነው፤ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ነው። ኮሚቴው ግን ከሁለቱም የተሻለ የራሱ ምርመራ አለው፦ “በሶ አብዝታ ነው።”

ከዚህ የጀገኑም ኮሚቴዎች አሉ። እነዚህኞቹ ደባርቅን ንቀው በቀጥታ 3,250 ሜትር ላይ ወዳለው ሳንቃበር፣ ካስፈለገም ከ3,600 ሜትር በላይ ወዳለው ጨነቅ ወጥተው ድንኳን ይተክላሉ። ሰውነት እንዲለምድ ከ3,000 ሜትር ወዲያ የመኝታን ከፍታ በሌሊት ከ500 ሜትር ባልበለጠ ደረጃ በደረጃ መጨመር ይገባል የሚለው የተራራ ሐኪሞች ምክር የፈረንጅ ቅንጦት ነው። ፈረንጁ ቡይት ራስ ላይ 3,260 ሜትር ከፍታ በተሠራው ሎጅ ሞቆት ያድራል፤ ጓንትም አለው። የእኛ ልጅ ሸራ ጫማ አለው።

ይህን ጉዳይ በስህተት የጀመረ ሰው በታሪክ ተመዝግቧል። ሪቻርድ ሺርማን የሚባል ጀርመናዊ አስተማሪ በነሐሴ 1909 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹን በእግር ይዞ ሲጓዝ ኃይለኛ ዝናብና ነጎድጓድ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። ሌሊቱን በአንድ መንደር ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጭድ ላይ ያሳድራቸዋል። ልጆቹ ሲተኙ እሱ እንቅልፍ እምቢ አለው፤ በዕረፍት ጊዜ ባዶ የሚቀመጡት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለተጓዥ ልጆች ማደሪያ ቢሆኑስ ብሎ ሲያስብ አደረ። በ1912 አልቴና በተባለች ከተማ፣ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ፣ የመጀመሪያውን ቋሚ የወጣቶች ማረፊያ ከፈተ፤ ነገሩም ዓለምን አዳረሰ። ምስኪን! ተማሪ ተኝቶ አስተማሪ ነቅቶ የሚያድርበት ጉዞ። ግሮሰሪ እንኳን አልነበረውም።

የሺርማን ዓይነቱ ሐሳብ እኛም ዘንድ ተነስቶ ያውቃል። አንዱ “ደባርቅ ትምህርት ቤት አለ፣ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ለሴሚስተር ዕረፍት አስቀድመን ደብዳቤ ብንጽፍ፣ ሁለት ክፍል ለሴት ሁለት ክፍል ለወንድ ቢሰጡን፣ ግቢው አጥርና ዘበኛ አለው፣ ልጆቹ ፍራሽና ብርድ ልብስ ከቤታቸው ቢያመጡ” ይላል። ኮሚቴው በቁጣ ይነሳል። “ልጆቻችን እንደ ተፈናቃይ ክፍል ውስጥ ይተኙ?” በ2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደዚያ ሲጠጋ ከቤቱ የወጣውን ሰው ያስጠለሉት እነዚያው የደባርቅ ክፍሎች ናቸው፤ ያ ሰው በር የሚዘጋ ጣሪያ በማግኘቱ አምላኩን ያመሰግን ነበር። የኛ ልጆች ግን ክብር አላቸው፤ አልጋ፣ ያውም ሦስት ነጥብ አምስት ሆነው፣ ይገባቸዋል። ደግሞ ክፍል ውስጥ ቢያድሩ የአልጋው ደረሰኝ ከየት ይመጣል?

ጠዋት ጉዞው ወደ ፓርኩ ይቀጥላል። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ አስጎብኚው በማይክ ይናገራል። ቡይት ራስ ላይ ጭላዳዎቹ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ፣ አውራው ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ለአውቶቡሱ ይገልጣል። አውቶቡሱ ውስጥ አርባ ሁለቱም ተማሪ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከዓለም ሁሉ እዚህ ተራራ ላይ ብቻ ያለውን ዋልያ ለማየት ጨነቅ ሲደርሱ የሚወርዱት የተኙት መምህራን ናቸው፤ ማለቴ ሌሊት አልጋ ላይ የተኙት። ፎቶ ይነሳሉ። ለሪፖርት ያስፈልጋል።

ሪፖርቱ ስምንት ገጽ ነው፣ ጥሩ ተጠርዟል። “ማረፊያ” በሚለው ረድፍ “ምቹና ጸጥታው የተጠበቀ” ይላል። “ያጋጠመ ችግር” በሚለው “የለም”። ከሰሉ ልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ ገብቷል። “አስተያየት” በሚለው ቦታ የመምህራኑ አበል በአንድ ቀን እንዲጨመርና በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ቤት እንዲታረፍ ተጠይቋል።

በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ሪፖርቱ ሲነበብ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከኋላ እጃቸውን አወጡ። “ልጄ ያደረችበት በር ይቆለፍ ነበር ወይ?” አሉ። ቃለ ጉባኤው “አንዲት ወላጅ ከአጀንዳ ውጭ ጥያቄ አቅርበው ሥርዓት እንዲይዙ ተነግሯቸዋል” ይላል።