ውዳሴ ለቃል ተቀባይ

ምስክርነት ከጥንት ጀምሮ የአንደበት ሥራ ነበረና፣ ሙሴ ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች እንዲቆሙ ሲያዝዝ፣ ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ምስክሮች ጠባይ ሲደነግግ፣ አበው ይጨነቁ የነበረው ስለ መስካሪው አፍ እንጂ ስለ ጸሐፊው እጅ አልነበረም። ይህን የአበው ጉድለት አርሞ፣ ምስክሩ ምንም ባይናገር እንኳ ምስክርነቱ አምሮና ተሟልቶ የሚገኝበትን ጥበብ ላበጀልን ለፖሊስ ጣቢያው ቃል ተቀባይ እስከ ዛሬ አንድ ድርሳን ሳይደረስለት መቅረቱ የትውልዳችንን ውለታ ቢስነት ያሳያል።

የጥበቡን ረቂቅነት ለመረዳት እስከ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር እስከሚባለው ሰፈር ድረስ በሐሳብ መሄድ ይበቃል። እንጀራ ፍለጋ ድንበር ተሻግረው በዚያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን አንዱ፣ ሁለት ሰዎች በተጣሉበት መንገድ በማለፉ ብቻ ለምስክርነት ተጠራ እንበል። እርሱ በአማርኛ ይናገራል፤ «ሁለቱንም ቋንቋ እችላለሁ» ያለ መንገደኛ ወደ ሶማልኛ ያሻግርለታል፤ ጸሐፊው ደግሞ ከሶማልኛው ወደ ሕግ ቋንቋ ያወጣዋል። «ጩኸት ሰማሁ እንጂ ማን ማንን እንደ መታ አላየሁም» ተብሎ የተጀመረው ነገር በሦስተኛው ደጅ ሲወጣ፣ «ተከሳሹ ሆን ብሎ ሲማታ በቅርብ ርቀት ተመልክቻለሁ» ሆኖ ይገኛል። የመጻሕፍት ሊቃውንት «አንድም» እያሉ ምስጢር ሲያበዙ ንባቡን አይነኩም፤ ቃል ተቀባዩ ግን ንባቡንም ራሱ ይደርሳልና፣ በማዕርግ ማን እንደሚበልጥ አንባቢ ይፍረድ።

የዚያ ሀገር የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1955 ዓ.ም. በህንድ ሕግ አርአያ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ታላቁ የሆነው የ1954ቱ የእኛ ሕግም ከዚያው ከእንግሊዞች ምንጭ የተቀዳ ነው። ሐርጌሳ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከሞቃዲሾ ስትለይ መጽሐፉን ይዛ ተለየች፤ አዲስ አበባም በዚያው ወር መንግሥት ስትለውጥ መጽሐፏን አልለወጠችም። የሁለቱ መጻሕፍት አያት የሆነው የእንግሊዞቹ ሕግ ካወረሰው ልማድ ሁሉ የሚደነቀው፣ የምስክር ቃል በጥያቄና በመልስ ተለይቶ ሳይሆን እንደ ታሪክ ተያይዞ መጻፉ ነው። «ቢላዋ ይዞ ነበር፣ አይደል?» ሲባል «እንጃ፣ ሳይሆን አይቀርም» ያለው ሰው፣ ጥያቄው ከገጹ ጠፍቶ «ተከሳሹ ቢላዋ መያዙን አውቃለሁ» የሚል ቆራጥ ተራኪ ሆኖ ይወጣል። ሕጋችን በአንቀጽ 137 በችሎት መሪ ጥያቄ ያለ ፈቃድ እንዳይጠየቅ ይከለክላል፤ በጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ግን ያልተጻፈን ጥያቄ መሪ ነበር ብሎ የሚከስስ ከየት ይመጣል?

አንቀጽ 27 ደግሞ ተጠርጣሪው መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለው እንዲነገረው፣ ቋንቋውን ባያውቅም ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ያዝዛል። ሕግ አውጪው የቃል ተቀባዩን ርኅራኄ ቢያውቅ ኖሮ በዚህ ባልደከመ ነበር፤ ዝም ያለው ሰው በባዶ ገጽ እንዳያፍር፣ ገጹን የሚሞላለት አለና። ይልቁንስ የሚታዘንላቸው፣ ሔር በሚሉት የአባቶች ሕግ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚዳኙት የሶማሌ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሁሉም ነገር በሁለቱ ወገኖች ፊት በጆሮ ስለሚሰማ፣ ያልተባለውን ተብሏል የሚሉበት ወረቀት የላቸውም።

እንግዲህ ቃልህን ስጥ ተብለህ የተጠራህ ወንድሜ ሆይ፣ ማለዳ ድረስና እስከ ማታ አግዳሚው ላይ ተቀመጥ፤ ትዕግሥት ከምስክር ምግባራት ቀዳሚው ነው። «አላውቅም» አትበል፤ መርማሪውን ያሳዝናል። «ላንብበው» አትበል፤ ያለመተማመን መንፈስ ነው። ከግርጌ «ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ ፈረምሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ገና ስምህ ሳይጠየቅ ተጽፎ ይጠብቅሃልና፣ ከአንተ የሚፈለገው አውራ ጣት ብቻ ነው።

ከዓመት በኋላ በችሎት ቆመህ፣ በእግዚአብሔር ስም ምለህ፣ ያየኸውን ብቻ እንደ አየኸው ብትናገር ግን በአንቀጽ 145 መሠረት ለፖሊስ የሰጠኸው ቃል ይወጣና ይነበብብሃል። ዳኛው ወረቀቱን አንሥተው «ይህ ፊርማ የአንተ አይደለምን?» ይሉሃል። «ነው» ትላለህ። ይህም መልስህ በተራው፣ ጥያቄው ቀርቶ፣ «ቀድሞ የሰጠሁት ቃል ትክክለኛ ነው» ተብሎ ይጻፍልሃል።