ራም ይጨመርለት

አዲስ አበባ ውስጥ ለታመመ ኮምፒውተር የታወቁት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው፤ «ፎርማት ይደረግ» እና «ራም ይጨመርለት»። ብር የሌለው የመጀመሪያው ይታዘዝለታል፤ ትንሽ ብር ያለው ሁለተኛው። ምርመራ የሚባል ነገር መሀል ላይ የለም።

በተለይ ወርክስቴሽን የገዛ ሰው ከራም ወሬ አይድንም። ኤችፒ ዚ420ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የዋለ ማሽን ነው፤ ፈረንጅ አገር ቢሮ ውስጥ ሠርቶ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ተጭኖ እኛ ዘንድ ይመጣና ከአርክቴክቱ ወይም ከቪዲዮ አቀናባሪው ጠረጴዛ ሥር እንደገና ይቀጠራል። ዚዮን ፕሮሰሰር አለው፤ ስምንት የራም ስሎት አለው፤ እስከ 64 ጊጋ ይቀበላል። ሰውን የምታስተው ይህቺ 64 ናት። ባለማሽኖቹ ሲገናኙ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ያንተ ስንት ነው?» ይባባላሉ። «32» ያለው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «64» ያለው ጃኬቱን ያስተካክላል፤ ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ የሚሠራው በዎርድ ደብዳቤ መጻፍ መሆኑን የሚጠይቀው የለም።

ግዢው ራሱ ሌላ ቲያትር ነው። «ኢንጂነር፣ ይሄ ባለ 16 ነው፤ አራቱን ሰካህ፣ 64 ገባህ። ዋጋውም ቅናሽ ነው» ይላል ሻጩ። ኢንጂነር ለምን ቅናሽ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ጥያቄ ካበዛ ሻጩ ነቅቶ ዋጋ የሚጨምርበት ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ራሙ ላይ ተለጥፏል። በዲዲአር3 ዘመን የተሠራ ባለ 16 ጊጋ ራም በአብዛኛው ከተፈታ ሰርቨር የወጣ፣ «ሬጅስተርድ» የሚባለው ዓይነት ነው። ዚ420 ደግሞ «አንበፈርድ» ካልሆነ አይቀበልም፤ እሱንም ቢሆን በአንድ ስሎት 8 ጊጋ ድረስ ነው። ልዩነቱን የምትናገረው ራሙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ከ12800 ቀጥላ የተጻፈችው አንዲት ፊደል ናት፤ «አር» ከሆነች የሰርቨሩ፣ «ኢ» ከሆነች የዚህ ማሽን ነው። ለክፋቱ ሁለቱም 240 እግር አላቸው፤ ቁርጣቸውም አንድ ቦታ ላይ ነው። ቀጭ ብለው ይገባሉ።

ከዚያ ማብሪያው ይነካል። ስክሪኑ ጨለማ፤ ቀይ መብራት አምስት ጊዜ ብልጭ፣ ጩኸቱም አምስት ጊዜ። በዚህች ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ባለሙያ ይሆናል። አንዱ ፓወር ሰፕላዩን ይጠረጥራል። ሌላው «ቦርዱ ሄዷል» ብሎ መርዶ ያረዳል። ቴክኒሻኑ ላጲስ አስመጥቶ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ያሻል። (ላጲሱስ አይናቅም፤ ቆሻሻ ለያዘው ራም ይሠራል። «አር»ን «ኢ» የሚያደርግ ላጲስ ግን ገና አልተሠራም።) በመጨረሻ ከበሩ አካባቢ የማይቀረው ድምፅ ይመጣል፦ «ፎርማት ብታስደርጉትስ?» አምስቱ ጩኸት የራም ችግር መሆኑን አምራቹ በመመሪያው ላይ ጽፎታል። ግን ባለሙያ በሞላበት ቤት መመሪያ ማን ያነባል?

ትክክለኛውን ራም ያገኘውም ቢሆን አይፎክር። «ቀለል ይላል» ተብሎ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን አለ፤ ያ ዊንዶውስ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ ቢሰጡትም አይጠቀምበትም። 64 ካስገቡለት 60ው ሥራ ፈትቶ መብራት ይበላል። ባለቤቱ ግን «ውይ፣ ፈጠነ እኮ!» ይላል። ብር የወጣበት ነገር ሳይፈጥን አይቀርም።

እውነቱን ለመናገር ራም የሚያንሰው ሰው አለ። በሬቪት ትልቅ ሕንፃ የሚነድፍ፣ በአፍተር ኢፌክትስ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ቢጨምር አይፈረድበትም፤ የዚ420 ፕሮሰሰር ራሙን በአራት መስመር ስለሚያነብ አራት አራት አድርጎ ቢሰካው ደግሞ ይበልጥ ያተርፋል። ብዙኃኑን የሚያንቀራፍፈው ግን ከማሽኑ ጋር የመጣው፣ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። ዊንዶውስ እስኪከፈት ቡና የሚጠጣው በእሱ ምክንያት ነው። ስሙን የሚያነሳው የለም። ዲስክ መቀየር ሰው ፊት አያኮራማ!

ስለዚህ ወደ ሱቅ ልትሄድ የተነሣህ ወዳጄ፣ መጀመሪያ ሥራህ ላይ እያለህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። የሚከፈተው መስኮት ሜሞሪው ከግማሽ በታች ሆኖ ዲስኩ 100 ከመቶ መሆኑን ካሳየህ፣ ራሙን ተወውና በብርህ ኤስኤስዲ ግዛ።