ሬሳ ሰርቆ የደኸየ ቡዳ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር የቡዳ ወሬ ከተነሣ ሟችም አይተርፍም። ቡዳ የበላውን ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ ከመቃብር ያወጣዋል፤ በአርጩሜ መታ አድርጎ ነፍስ ይዘራበታል፤ ከዚያ ምላሱን አስሮ ሰባት ዓመት ያስገብረዋል ይባላል። ስለዚህ ድሮ ትኩስ መቃብር ዘበኛ አያጣም ነበር።

እንግሊዞችም ከዚህ አይሻሉም ነበር። ራሱን ያጠፋን ሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ በእንጨት ቸንክረው ይቀብሩ ነበር፤ ልማዱን ሕግ የከለከለው በ1823 እ.ኤ.አ. ነው። እነሱ ሟቹ እንዳይነሣባቸው፣ እኛ ደግሞ ቡዶች እንዳያስነሡብን!

እኛ ዘንድ በቡዳነት ጣት የሚቀሰረው ወደ ቀጥቃጩ፣ ወደ ፋቂውና ወደ ሸክላ ሠሪዋ ነው። እኔን ያልገባኝ ሒሳቡ ነው። ያን ሁሉ ሬሳ በነጻ የሚያሠራ ቀጥቃጭ ወናፉን ለምን ራሱ ያናፋል? ሸክላ ሠሪዋስ አፈሩን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣው አገልጋዮቿ የት ሄደው ነው? ነገሩ ወዲህ ነው፦ በጎጃም ርስት በዘር የሚቆጠር ነበር፤ መሬት ያልደረሰው በእጁ አደረ። መሬት የነሡትን ሰው ደግሞ ሬሳ ሰረቀ አሉት።

ቀብሩንም እዩት። ጉድጓዱ የሚቆፈረው ቀጥቃጩ በሠራው ዶማ ነው። የተዝካሩ ጠላ የሚጠመቀው ሸክላ ሠሪዋ ባበጀችው ጋን ነው። ገበያ ላይ ገዢዋ የልጇን ፊት በነጠላ ሸፍና ጀበናውን በጣቷ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ ድምፁን ሰምታ፣ ዋጋ ተከራክራ፣ ገዝታ ትሄዳለች። ዓይኗን የፈራቻት ሴት በእጇ የጠፈጠፈችው ጀበና ቡናው ላይ ምንም አያደርግም!

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡም አዋጁን አክብሮ ድምፁን ቀነሰ፤ አሁን ከሽማግሌ ጋር ጋቢ ለብሶ ይመጣና «ለመሆኑ ዘራቸው ምንድን ነው?» ይላል። ማረሻው የዶለዶመበት ገበሬ ግን ቀጥቃጩን ዘሩን ጠይቆት አያውቅም፤ የሚጠይቀው «መቼ ይደርስልኛል?» ብሎ ነው።