እማማ የት ገቡ? በቆቦ ከተማ የአዛውንት መጥፋትን የሚመለከት መጠነኛ ምርምር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለጠፋ ሰው ታጋሽ ነው። በአንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ደብዛው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሁሉ ለፍርድ ቤት አመልክቶ መጥፋቱን ማስወሰን ይችላል። የቆቦ ሰፈሮች ለአዛውንቶቻቸው ይህን አንቀጽ ሲጠቅሱ አይሰማም። የራሳቸው የጊዜ ገደብ አላቸው፤ እሱም ከአቦል እስከ በረካ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቡና ሲቆላ አንድ ሕፃን "ቡና ጠጡ" እንዲል ወደ እማማ እንትና ቤት ይላካል። ተመልሶ "በሩ ተቆልፏል" ካለ መዝገቡ ተከፈተ። አቦል ላይ መጨረሻ የታዩበት ሰዓት፣ የለበሱት ነጠላና የያዙት ዕቃ ይጣራል (ፌስታል ለቅርብ መንገድ፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ለሩቅ መንገድ ማስረጃ ነው)። ቶና ላይ መላምቶች ይቀርባሉ። በረካ ላይ አንዷ ተነሥታ ጫማዋን ትፈልጋለች።

መላምቱ እንደ ወሩ ነው። መስከረም 21 ከተቃረበ ግሸን ማርያም፣ ገና ከደረሰ ላሊበላ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ሊቃውንቱ በአንድ ድምፅ ማሽላውን ይጠቁማሉ። በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ መካከል የተዘረጋው የራያ ቆቦ ሜዳ፣ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላ የሚያበቅል አገር ነው። እማማም ከተማ ይኑሩ እንጂ ገጠር ውስጥ ለእኩል የሰጡት መሬት አላቸው። ለእኩል የተሰጠ መሬት ደግሞ ባለቤቱ አውድማው ላይ ካልተገኘ እኩል የመሆን ጠባይ የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው የአዲስ አበባው መላምት ነው፤ ልጃቸው "እማዬ፣ ዓይንሽን ላሳክምሽ" ብላ ወስዳቸው ይሆናል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ቡና እንደሚጠራቸው እስካሁን ያብራራ የለም።

ሌላው ዓለም ነገሩን በመሣሪያ ሞክሮታል። ዞጂሩሺ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፣ አዛውንቷ ሻይ ማፍላታቸውን ለልጃቸው በኢሜይል የሚያሳውቅ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 አቅርቧል። የአገሪቱ ፖስታ ቤትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ፣ በክፍያ፣ በወር አንዴ ሠራተኛ ልኮ የአረጋውያንን ደኅንነት ያያል። ያም ሆኖ የጃፓን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን የሞቱ 76,020 ሰዎች መዝግቧል፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። የቆቦ ጀበና ኢሜይል አይልክም። ጪሱ ካልታየ ግን ወሬው ከማንቆርቆሪያው ቀድሞ ይደርሳል። ለሚዛናዊነት ያህል አንድ ነገር ይጠቀስ፦ የጃፓኑ ዕቃ እማማ ሻዩን ከማን ጋር እንደጠጡ አይጠይቅም።

የቅሬ ዳኛው ጉዳዩ የሚደርሳቸው በመጨረሻ ነው። ቅሬ ሥራው ቀብር ስለሆነ፣ እሳቸው ዘንድ ቶሎ መሄድ እንደ ሟርት ይቆጠራል።

ይህ መረብ የተበጠሰበት ጊዜም አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ተቋረጠ። ደሴ የገቡ ተፈናቃዮች አዲስ መጪ ባገኙ ቁጥር፣ ቤታችንን ጥለን አንወጣም ብለው ስለቀሩት ሽማግሌዎች ይጠይቁ ነበር። መልሱ ለወራት ዘገየ። ለአንዳንዱ ጠያቂ መርዶ ሆኖ ደረሰ። ያን ጊዜ መላምት ያቀረበ አልነበረም።

በሰላሙ ጊዜ አብዛኛውን መዝገብ የሚዘጉት ተፈላጊዋ ራሳቸው ናቸው። እማማ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ከምትርቀው ወልድያ በመጣ ሚኒባስ ወርደው ሰፈር ሲገቡ "ኧረ የት ጠፉ?" የሚለውን እንደ ክስ ይቀበሉታል። ቅጣቱ ቡና ማፍላት ነው፤ ስኳሩ በተከሳሿ። ያኔ የቤቱ ቁልፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ዘንድ እንደነበር ይታወቃል። ጎረቤቲቱ ሦስቱንም ዙር ተቀምጣ መላምቱን ሁሉ ሰምታለች፤ የላሊበላውን እንዲያውም ያቀረበችው ራሷ ናት። ለምን ዝም እንዳለች ስትጠየቅ "ቁልፉን ማን ጠየቀኝ?" ትላለች።