ደመወዝተኛው የሥነ ጥበብ ሰብሳቢ፦ የአሠራር መመሪያ

የሥነ ጥበብ ሥራ ለመሰብሰብ ሀብታም መሆን ግድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን የሚሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሀብታሞቹ ናቸው። ደመወዝዎ ከወሩ አጋማሽ የማያልፍ፣ ግድግዳዎ የአከራይዎ የሆነ፣ አንዲት ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ የሚጠይቁ ሰው ከሆኑ ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእርስዎ ነው። በጥሞና ያንብቡት። የተጻፈውን ሁሉ ከፈጸሙ ቤትዎ ሙዚየም፣ እርስዎ አስጎብኚ፣ ባለቤትዎ ደግሞ ተቃዋሚ ፓርቲ ይሆናሉ።

አንደኛ፦ አቋቋም

ሰብሳቢ ከመግዛቱ በፊት መቆም ይማራል። እጅዎን ወደ ኋላ ያጣምሩ። ሁለት እርምጃ ያፈግፍጉ፤ ከኋላዎ ቦይ አለመኖሩን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። አንገትዎን ትንሽ ሰበር ያድርጉና ዝም ይበሉ። አስተያየት የሚጠይቅዎት ሰው ከመጣ «ቀለሙ ይናገራል» ይበሉት። ምን ይናገራል ብሎ የሚያፋጥጥ ሰው ብዙም አያጋጥምም። ይህን አቋቋም ቤትዎ መስተዋት ፊት ይለማመዱ፤ ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ መነሻው እሱ ነው። ቆሞ ያላየ ሰው ገንዘብ ቢኖረውም የሚገዛውን አያውቅም።

ሁለተኛ፦ ኪስ

ስብስብዎን ከኪስዎ ይጀምሩ። ሳንቲም ዛሬ የታክሲ ረዳት ሲሰጡት የሚቀየምበት ቁራጭ ብረት ሆኗል። የሰው ንቀት ደግሞ ለሰብሳቢ መልካም ዜና ነው። አንዱን ያንሡና ወደ ብርሃን ይያዙት። በአንደኛው ገጽ ጎፈሩን የበተነ አንበሳ አለ። ሲገለብጡት 1 ሳንቲም ላይ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ 5 ሳንቲም ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ 10 ሳንቲም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ምድር የማይገኘው የደጋ አጋዘን፣ 25 ሳንቲም ላይ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሡ ወንድና ሴት፣ 50 ሳንቲም ላይ ደግሞ በአንድ የቆመ ሕዝብ ያገኛሉ። በመጀመሪያዎቹ ላይ 1969 ዓ.ም. በግዕዝ ቁጥር ተቀርጿል።

አምስቱ ሲደመሩ 91 ሳንቲም ናቸው። አምስት ቅርጻ ቅርጽ በ91 ሳንቲም የሚሸጥ ጋለሪ ካለ ይህ መመሪያ ይሰረዛል። ችግሩ 1 ሳንቲሟን ማግኘት ላይ ነው። የእናትዎን መሳቢያ ይፈትሹ፤ መዝጊያ ከሌላቸው ቁልፎችና ከቆመ የእጅ ሰዓት አጠገብ ተኝታ ትሆናለች።

ሦስተኛ፦ ጎዳና

ከኪስዎ ቀጥሎ ያለው ጋለሪ በርዎ ላይ ይጀምራል። መግቢያው ነጻ ነው፤ ጥበቃም የለውም። ጎሚስታው አሮጌ ጎማ በኖራ ቀብቶ ስሙን ጽፎበታል። ጁስ ቤቱ ግድግዳው ላይ ስፕሪሱን በሦስት ቀለም ከፋፍሎ ስሎታል፤ በብርጭቆ ሲቀርብልዎ እንዲያ ተለያይቶ አያውቅም። የወንዶች ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ የተሳለው ወጣት ደግሞ ፀጉሩ በማስመሪያ የተቆረጠ ነው። ውስጥ ገብተው «እንደዚያ አድርግልኝ» ያሉ ሁሉ ሌላ ሰው ሆነው ወጥተዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ልኳንዳ ቤቱን እንዳያልፉ። በሩ ላይ የተሳለውን ሰንጋ ይመልከቱ። ወፍሯል፣ አምሮበታል፣ ይባስ ብሎ ፈገግ ብሏል። ከጀርባው የተሰቀለው ሥጋ የማን እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። አሁን የተማሩትን አቋቋም ይቁሙና ትንታኔ ይስጡ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ኃጢአተኛ ግን በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይን ብቻም ይሰጠዋል። የልኳንዳው በሬ ደግሞ ሁልጊዜ በጎን ነው የሚሳለው። በአሮጌው ሕግ ከሄድን ኃጢአተኛ ነው ማለት ነው። ኃጢአቱ ምን እንደሆነ አይጠይቁ፤ መስባቱ ነው።

ይህን ዐውደ ርእይ ግን በፍጥነት ይጎብኙ። በእጅ የተሳለው በሬ በየቦታው በባነር እየተተካ ነው። ባነሩ ላይ ያለው በሬ ከኢንተርኔት የወረደ የውጭ አገር ከብት ነው፤ ጆሮው ላይ ቢጫ የፕላስቲክ ቁጥር ተንጠልጥሎበታል። ፈገግም አይልም። ስልክዎ ካሜራ ካለው የእጅ ሥራዎቹን ከመነሣታቸው በፊት ፎቶ ያንሷቸው። ባለቤቱ ወጥቶ «ከገቢዎች ነህ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅዎት አይደንግጡ፤ ጥርጣሬውን ለማብረድ ግማሽ ኪሎ ይግዙ።

ሥጋው ከበጀትዎ በላይ ከሆነ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ይሂዱ። ፊት ለፊት የቆመውን የድንጋይ አንበሳ በየቀኑ ስንቱ ይደገፈዋል፣ ስንቱ ጓደኛውን ይቀጣጠርበታል! ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ 25ኛ ዓመት የሠራው ነው፤ ዘመኑም 1948 ዓ.ም. ገደማ። ጡንቻውና ጎፈሩ በሰፋፊ ገጽታና በቀጥታ መስመር የተጠረቡ ናቸው። የቀጠሩት ሰው አርፍዶ ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎት፤ የዘመናዊ ቅርጻ ቅርጽ ትምህርት በነጻ ደርሶዎታል። ደጋግሞ የሚያረፍድ ጓደኛ ያለው ሰው ባለሙያ ይሆናል።

አራተኛ፦ ምናለሽ ተራ

አሁን ወደ መርካቶ እንውረድ። ምናለሽ ተራ የገባ ዕቃ ሞቷል ብሎ ማልቀስ አይቻልም፤ የዘይት ቆርቆሮው ምድጃና ማንቆርቆሪያ፣ የቲማቲም ድልሁ ጣሳ ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ሆኖ ይነሣል። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። አንድ የቆርቆሮ ኩራዝ ገዝተው ሲያገላብጡት የፋብሪካው ጽሑፍ በከፊል ይነበባል፤ አንዳንዴም ተገልብጦ። ያን ጽሑፍ እንዳይፍቁት። የዕቃው የትውልድ ታሪክ ነው፤ ለእንግዳ ሲያስጎበኙ ይጠቅምዎታል።

ለባለቤትዎ ማስረጃ ካስፈለገ ኤልያስ ስሜን ይጥቀሱ። ኤልያስ ቁልፍና ክር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተጣለ የኮምፒውተር ገበታና ውስጠ ዕቃ ከዚሁ ከመርካቶ እየሰበሰበ ሰፋፊ ሥራዎችን ይሠራል። ሥራዎቹ በአሜሪካና በካናዳ ሙዚየሞች ታይተዋል። ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር ሆኖም ዞማ ሙዚየምን መሥርቷል። ይህን ማስረጃ ግን በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። የተቃጠለ የኮምፒውተር ሰሌዳ በማዳበሪያ ተሸክመው ቤት ሲገቡ የሚጠየቁት ጥያቄ ይታወቃል፦ እሱስ ሠራበት፤ አንተ አልጋ ሥር ከማስቀመጥ በቀር ምን ታደርገዋለህ? ለዚህ ጥያቄ ይህ መመሪያ መልስ አላዘጋጀም።

ሥዕል ራሱ ካማረዎት አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ሲመረቁ የሚያሳዩትን ዐውደ ርእይ ይጠብቁ። ኤልያስ ስሜም የዚያው ቤት ተመራቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በቬኒስ ቢየናሌ በመጀመሪያው የኢትዮጵያ ድንኳን አገሩን የወከለው ተስፋዬ ኡርጌሳም እንዲሁ። ሁለቱም አንድ ጊዜ ማንም የማያውቃቸው ተማሪዎች ነበሩ። ተመራቂ ሠዓሊ ዋጋ ሲጠየቅ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ይግዙት፤ ዓይኑን ቀና ካደረገ በኋላ አይችሉትም።

አምስተኛ፦ ሳሎን

ውጭ ውጭ ስንል ቤትዎ ያለውን ረስተናል። እናትዎ ወይም አክስትዎ በኪሮሽ የሠሩት ዳንቴል የት ነው? ድሮ ማዕረጉ ታውቆ ቴሌቪዥን አናት ላይ ይቀመጥ ነበር። ዝርግ ቴሌቪዥን ሲመጣ ግን የሚቀመጥበት አናት ጠፋ። አንዳንድ ቤት ስክሪኑ ላይ ይንጠለጠልና ዜና አንባቢው እንደ ሙሽራ በዓይነ ርግብ ውስጥ ሆኖ ያነባል። ሌላ ቤት ዳንቴሉ ወደ ፍሪጅ ተዛውሯል። የቀሩት ሳጥን ገብተዋል። ያንን ሳጥን ይክፈቱት። ጽጌረዳው፣ ኮከቡ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ማዕበል፣ ሁሉም በአንድ ክር እና በአንዲት ትንሽ መንጠቆ የተሠራ ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግተው በመስተዋት ክፈፍ ያስገቡት። እናትዎ መጥተው «ምነው የቴሌቪዥን ልብስ ግድግዳ ላይ ሰቀልክ?» ቢሉዎት የተለመደውን ይመልሱ፦ ቀለሙ ይናገራል። ነጭ ነው ቢሉዎት፣ እሱም ይናገራል።

ስድስተኛ፦ ግዢ

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ ደረስን። ሰፌድ ሊገዙ ነው እንበል፤ ሐረር ቤቱን በስፌት እንደሚያስጌጠው ግድግዳዎ ላይ የሚሰቅሉት። ገበያ ላይ የተለመደው ውይይት ይህ ነው፦

«ስንት ነው?»

ዋጋው ይነገርዎታል።

«ኧረ ተይ! ይሄ ሣር?»

«ጋሼ፣ ድካሙን ይዩት እንጂ።»

«በግማሹ ትሰጪኛለሽ?» ይሉና ሦስት እርምጃ ሄደው እስክትጠራዎት ይጠብቃሉ።

ሣሩን በተመለከተ መመሪያው ጥቂት ማብራሪያ ይሰጣል። ስንደዶው በወቅቱ ተለቅሞ ይደርቃል። አክርማው ይሰነጠቃል፣ ቀለም ይነከራል። ከዚያ በወስፌ እየተወጋ፣ ዙር በዙር፣ ከእምብርቱ ወደ ጠርዙ ይሰፋል። በወረቀት የተነደፈ የለም። የትኛው ዙር ላይ ቀዩ ገብቶ የትኛው ላይ እንደሚወጣ የምትሰፋዋ ሴት በልቧ ትቆጥራለች፤ አንዴ ከተሳሳተች መጨረሻው አይገጥምም። እየቆጠረች ልጅ ትጠራለች፣ ወጥ ታማስላለች፣ ጎረቤት ታስተናግዳለች። ዙሩ ግን ይገጥማል።

በዚያው ሳምንት እርስዎ ከአንድ ሱቅ ሥዕል ገዝተዋል፤ ሶኬት ሲሰካ ውሃው የሚወርድ የሚመስል የፏፏቴ ሥዕል። እዚያ አልተከራከሩም። ዋጋው ተለጥፎበት ነበርና፣ የተለጠፈ ዋጋ እንደ ቃል ኪዳን ይከበራል። ሳምንታት የፈጀ የእጅ ሥራ «ሣር» ተባለ፤ በማሽን የወጣው ፏፏቴ ግን ማንም «ፕላስቲክ» ብሎ አልሰደበውም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚከተለውን የክርክር ሥርዓት ይደነግጋል። ከፏፏቴው ሻጭ ጋር እስከ መጨረሻው ይከራከሩ። ሦስት እርምጃ ይሂዱ፤ ካልጠራዎት አራተኛውን ይጨምሩና በዚያው ቤትዎ ይግቡ። ሰፌድ ሰፊዋ ዘንድ ሲደርሱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁ፣ እሱም ለወጉ ያህል ነው። ከዚያ ይክፈሉ። የሥነ ጥበብ ሰብሳቢ ነኝ ያለ ሰው ሠሪዋን ከትራንስፖርት ዋጋዋ ጋር አያጣላትም።

ሰባተኛ፦ ስም

የመጨረሻው ደንብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሸማኔው በጥበቡ ጠርዝ ላይ አይፈርምም። ጀበና ሠሪዋ ጭቃው ሳይደርቅ ስሟን አትጭርበትም። የልኳንዳው ሠዓሊ ሥዕሉ ሥር የሚጽፈው ቢበዛ ስልክ ቁጥሩን ነው። በዓለም ሙዚየሞች ከአፍሪካ የመጡ ስንትና ስንት ዕቃዎች ሥር «ሠሪው ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ሠሪዎቹ አይታወቁም ነበር ማለት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ገዢው ስላልጠየቀ ነው። ዕቃው ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ስም የሌለው ሥራ በሥራነቱ ሳይሆን በዕቃነቱ ይሸጣል።

ስለዚህ እስክርቢቶ ይዘው ይሂዱ። ከፍለው መልስዎን ከተቀበሉ በኋላ «ስምሽ ማን ነው? የየት አገር ስፌት ነው?» ብለው ይጠይቁ። የነገረችዎትን ቆንጆ አድርገው በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከሰፌዱ ጀርባ ይለጥፉ፤ ዓመተ ምሕረቱን አይርሱ። በመጀመሪያ ትስቃለች። ከዚያ «ለምንድን ነው?» ትላለች። እውነቱን ይንገሯት፦ የሠራሽው ሥዕል ነው፣ ሥዕል ደግሞ የሠሪው ስም ይጻፍበታል።

ሌላ ጊዜ ተመልሰው ሁለተኛ ሊገዙ ሲመጡ ዋጋ ጨምራ ቢያገኟት አይቀየሙ። የሥነ ጥበብ ገበያ እንዴት እንደሚሠራ ገብቷታል።