ካርቶን ከልጅነቴ ጀምሮ እወድ ነበር

ልጅ ሆኖ «ሳድግ ፓይለት እሆናለሁ» ያላለ ማን አለ? «ሳድግ የሰው ጫማና የውሻ ምግብ በካርቶን ጭኜ፣ በአንድ ሞተር፣ ብቻዬን፣ በሌሊት፣ በበረዶ ደመና ውስጥ እመላለሳለሁ» ያለ ልጅ ግን በሠፈራችን አልነበረም። እንዲህ ያሉ ልጆች የሚገኙት አሜሪካ፣ በአነስተኛ የካርጎ አየር መንገዶች የቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ነው። «ለምን የእኛን ድርጅት መረጥክ?» ይባላል እጩው። ጉሮሮውን ይጠርግና ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ልቡ በካርጎ ፍቅር መነደፉን ይተርካል። ትልልቆቹ አየር መንገዶች ማመልከቻውን ገልጠው ስላላዩለት አይደለም። የበረራ ሰዓቱ ስላልሞላም አይደለም። የቤት ኪራይ ስለደረሰበትማ በጭራሽ! ካርቶን ስለሚወድ ብቻ ነው።

ሥራውን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ፌዴክስና ዩፒኤስን የመሰሉ ግዙፍ ኩባንያዎች በጄት ያመጡትን ዕቃ ወደ ትንንሽ ከተሞች የሚያደርሱላቸው በኮንትራት የሚሠሩ መጋቢ ድርጅቶች አሉ። ከነዚህ ድርጅቶች አውሮፕላኖች ስመ ጥሩው ሴስና ካራቫን ነው፤ አንድ ሞተር፣ አንድ ፓይለት፣ ከኋላ እስከ ጣሪያ ካርቶን። ፓይለቱ ሳይነጋ ይነሳል፣ ጭነቱን ከሠራተኛ ጋር፣ ሰው ከጠፋም ብቻውን፣ ይጭናል፣ መረቡን ያስራል፣ ክብደቱን ይደምራል፣ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይበራል። እዚያም ስፖንጁ በወጣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ይውልና ማታ የተሰበሰበውን ጭኖ ይመለሳል። ረዳት አብራሪ የለም። አስተናጋጅ የለችም። «ክቡራትና ክቡራን» የሚላቸው መንገደኞች የሉም። እኔ ይህን ሥራ ከልቤ አከብራለሁ፤ ወደ ሥራው የሚገባበትን ቲያትር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

የፍቅሩን ዕድሜ በትክክል ማስላት ይቻላል። በአሜሪካ ሕግ በመሣሪያ እየተመራ ብቻውን ጭነት የሚያበር ካፒቴን ቢያንስ 1,200 ሰዓት የበረራ ልምድ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ 100ው የሌሊት፣ 500ው ከከተማ ወደ ከተማ የተደረገ መሆን አለበት። የመንገደኛ አየር መንገድ ውስጥ ለመቀጠር ደግሞ በጥቅሉ 1,500 ይጠየቃል። እኛ አገር ልጁ አየር መንገዱ ራሱ ካቋቋመው አካዳሚ ተመርቆ እዚያው ይቀጠራል፤ አሜሪካ ግን እያንዳንዷን ሰዓት ተበድሮ ገዝቶ፣ ከዚያም ተማሪ እያስተማረ፣ እንደ እቁብተኛ ያጠራቅማታል። እንግዲህ 1,200ን ከ1,500 ቀንሱ። የካርቶን ፍቅር 300 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። ጠያቂው ይህን ሒሳብ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ብዙውን ጊዜ እሱም በዚሁ በር የገባ ነው። ቢሆንም «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። እጩውም ፊቱን ሳይቀይር «እዚሁ፣ ከናንተ ጋር» ይላል። ሁለቱም ይተያያሉ። ሁለቱም አይስቁም። ፈተናው ይህ ከሆነ ሁለቱም አልፈዋል።

ዝግጅቱ ከሱፍ ይጀምራል። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ከረባት። (እህቴ ከሆንሽ ምክሩ ያው ነው፤ ከረባቱ ብቻ ይቀርልሻል።) ጫማው ፊት እስኪያሳይ ይወለወላል። ሙሽራው እንዲህ ሆኖ ሲገባ የሚቀበለው ዋና ፓይለት ሃንጋር ጥግ ባለች ክፍል ውስጥ፣ ጂንስ ለብሶ፣ ጣቱ ላይ የሞተር ዘይት ይዞ፣ በወረቀት ኩባያ የቀዘቀዘ ቡና እየጠጣ ተቀምጧል። እጩው ሥራውን ካገኘ ያን ሱፍ ዳግመኛ የሚለብሰው ከዚህ ድርጅት ለቆ ሌላ ቦታ ሊጠየቅ ሲሄድ ነው።

ከሱፉ ቀጥሎ ሎግቡክ አለ። የሌሊቱ ገጽ በቀይ፣ የመሣሪያ በረራው በቢጫ፣ የፈተናው በአረንጓዴ ወረቀት ምልክት ይደረግበታል፤ ከኋላው የቆመ ሰው የእንቁጣጣሽ አበባ ይመስለዋል። ለዚህ ሲባል እንቅልፍ ያጣ ስንት አለ። ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን ገንዘብ ከፍሎ «ራስህን ሁን» የሚል ምክር የሚገዛው ነው። የቃለ መጠይቅ አሠልጣኝ የሚባል ሰው ካሜራ ፊት ያስቀምጠውና ራሱን መሆን ያለማምደዋል፤ እጁን እንዲህ፣ ፈገግታውን እዚህ ጋ፣ ትሕትናውን ደግሞ ከስኬቱ ቀጥሎ። ራሱን መሆን ካቃተው ሌላ ቀጠሮ ይያዝለታል፤ ለሱም ይከፍላል።

ዋናው ሀብት ግን አጤሬራው ነው። ማትሪክ የተፈተነ አንባቢ ይህን ዕቃ ያውቀዋል። ትናንት የተጠየቀው ለነገው ተጠያቂ ያቀብላል፤ የጥያቄዎቹ ዝርዝር፣ የጠያቂው ጠባይ፣ የሚስቅበት ቀልድ፣ የሚያወጣው የማረፊያ ካርታ የየትኛው ከተማ እንደሆነ ጭምር። እጩው ይሸመድደዋል። ከዚያ የሚቀረው ጥበብ አንድ ነው፤ ጥያቄውን ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቅ መምሰል። ጣሪያውን አየት ያደርጋል። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ይላል። በልቡ ሁለት ይቆጥራል። ከዚያ ይለቀዋል።

«ተለዋጭ አየር ማረፊያ መያዝ የሚያስፈልገው መቼ ነው?»

«ከመድረሻ ሰዓቴ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ደመናው ከ2,000 ጫማ ወይም እይታው ከ3 ማይል በታች ይሆናል የሚል ትንበያ ካለ!» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ግጥም ነው። ጠያቂው ገና «አየር ማረፊያ» ሲል እሱ ሦስት ላይ ደርሷል።

ክፉ ጠያቂ የገጠመው ዕለት ነው ጉዱ። ሰውየው የዚያን ዕለት ማታ የአየር ትንበያ ወረቀት አውጥቶ «እንግዲያው ለዚህች ከተማ፣ ዛሬ ማታ፣ ያስፈልግሃል ወይስ አያስፈልግህም?» ይለዋል። ትንበያው ሰማዩ ጥሩ ነው ይልና አልፎ አልፎ ደመናው ወደ 1,500 ጫማ ይወርዳል ብሎ ያክላል። አጤሬራው ላይ «አልፎ አልፎ» አልነበረም። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ወረቀቱ ይገለበጣል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከዚያም እጩው ሬዲዮ ቢበላሽ ምን ዓይነት መንገድና ከፍታ እንደሚይዝ አንድ በአንድ ማብራራት ይጀምራል። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች።

በሲሙሌተር የሚሰጠውን የበረራ ፈተና እዘለዋለሁ፤ እዚያ ውስጥ ምላስ አያበርም። መሸምደድ የማይቻለው ክፍል እሱ ስለሆነ ይመስለኛል አንዳንዱ ድርጅት ጨርሶ የተወው።

ወደ ጠባይ ጥያቄዎቹ እንሂድ፤ ማሩ እዚያ ነው። ትንሹ ድርጅት ጥያቄዎቹን ራሱ አላወጣቸውም፤ ከትልልቆቹ አየር መንገዶች ገልብጧቸዋል። አጤሬራ የሚይዘው ተፈታኙ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ስለዚህም በአንድ ፓይለት ብቻ የሚበር አውሮፕላን ያለው ድርጅት «ካፒቴንህ ጠጥቶ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጌታዬ፣ ካፒቴኑ እኔ ነኝ። ረዳቱም እኔ ነኝ። ጫኙም እኔ ነኝ። የጠጣው እኔ ከሆንኩ ደግሞ የሚከሰኝ ማን ነው፣ ካርቶኑ? እጩው ግን እንዲህ አይልም። «በመጀመሪያ ለብቻው አነጋግረዋለሁ» ይላል፤ አጤሬራው እንደሚያዘው።

ቀጥሎ ትልቁ ይመጣል፤ «አንድን በረራ እምቢ ያልክበትን ጊዜ ንገረን።» ይህ በእውነት ደኅና ጥያቄ ነበር። ከሁሉም ጥያቄዎች ሰው የሚያድነው እሱ ነው። መልሱን ግን እኔ ያለ ቃለ መጠይቅ ልነግራችሁ እችላለሁ፣ ምክንያቱም ያለው አንድ መልስ ነው። «አስተማሪ ሳለሁ ነው፤ ተማሪዬ መብረር ፈለገ፤ ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር፤ እኔ አይሆንም አልኩ፤ ተማሪው ተቆጣ፤ በኋላ ሌላ አውሮፕላን በጭንቅ ሲያርፍ አየና እያለቀሰ አመሰገነኝ።» ያ ተማሪ ስንት አስተማሪ እንዳመሰገነ፣ ስንት ጊዜ እንዳለቀሰ እግዜር ይወቀው። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አልቃሹ አንድ ጊዜ ወንድ፣ አንድ ጊዜ ሴት ይሆናል፤ እንባው ግን አይቀየርም። እንዲህ ሆኖ «እምቢ» ማለትም ይሸመደዳል። እምቢ ብሎ የማያውቅ ሰው እምቢታን ካጠና በኋላ፣ እምቢታን ከማይወድ አለቃ ፊት ቀርቦ፣ ስለ እምቢታው ተመስግኖ ይቀጠራል።

ከተቀጠረ በኋላ የሚመጣውን እስቲ እንየው። የጥር ማታ ነው፤ ያቺ ከተማ፣ ያ ሶፋ። ክንፍ ላይ በረዶ የሚጋገርበት ደመና መንገዱን ዘግቶታል። ካራቫን ጠንካራ ጭነት አመላላሽ ነው፣ በረዶን ግን አይወድም፤ በዚያ ዓይነት አየር ውስጥ ከ120 ኖት በታች እንዳይበር የሚል መመሪያ እስኪወጣበት ድረስ በበረዶ ምክንያት ብዙ ጊዜ ወድቋል። ስልኩ ይጮኻል። የምድብ ሠራተኛው «ግድ የለም፣ ውሳኔው ያንተ ነው፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ሌሎቹ ተነስተዋል» ይላል። ይቺ «ለማወቅ ያህል» የምትባለዋ በየትኛውም አጤሬራ ላይ የለችም። የሚያለቅስ ተማሪም አጠገብ የለም። ኪሱ ውስጥ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከለቀቀ የሥልጠናውን ወጪ እንደሚከፍል የፈረመው ውል አለ።

እዚህ ላይ ሽሙጤን ለጥቂት መስመር ልሰብስብ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ የኮልጋን ኤር የመንገደኛ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። የ1,500 ሰዓቱ መስፈርትም፣ ከ2014 መግቢያ ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የፓይለቶች የእረፍት ሕግም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የእረፍት ሕጉ ግን የጭነት አየር መንገዶችን ተዋቸው፤ ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል ተባለ። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ወራት ሲቀሩት፣ ነሐሴ 2013፣ አንድ የዩፒኤስ ኤርባስ ሳይነጋ አላባማ በርሚንግሃም ሊያርፍ ሲል ተከሰከሰና ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። መርማሪዎች አብራሪዎቹ ለማረፍ ሲቃረቡ ከሠሩት ስህተት ጋር ድካምንም ከምክንያቶቹ ቆጠሩት። ሟቾቹ በዚያች ሌሊት ካርጎን ስላገለለው ስለዚሁ ሕግ ሲያማርሩ ድምፅ መቅጃው ይዞታል። ያ ግዙፍ ኩባንያ ነው፤ ትንንሾቹ መጋቢዎች በሌላ የሕግ ክፍል ስለሚተዳደሩ አዲሱ ሕግ ድሮውንም አይደርስባቸውም።

ሰበሰብኩ፤ አሁን ልቀጥል። የሕጉ ጥበብ ግልጽ ነው። እንቅልፍ የሚያስፈልገው ከኋላው ሰው ለተቀመጠ ፓይለት ነው። ከኋላው ቴሌቪዥን ከተጫነ ሰውነቱ ራሱ አውቆ ይነቃል። ካርቶን ስለሞተ ዜና የሚሠራ ጋዜጠኛ የለም፤ ኢንሹራንሱም ካርቶኑን ይከፍላል። ስለዚህ በቃለ መጠይቁ «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?» የሚል ጥያቄ ባይኖር አይግረማችሁ። ሲጠይቁት «ሱፌን ስተኩስ አደርኩ» ቢል ምን ሊሉት ነው?

ድርጅቱም በበኩሉ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። «እኛ ቤተሰብ ነን» ይላል። «በራችን ሁልጊዜ ክፍት ነው» ይላል። «ከሁሉ በፊት ደኅንነት» ይላል፤ ግድግዳው ላይም ተጽፏል፣ ከሥሩ ግን በሰዓቱ የደረሱ በረራዎች ሰንጠረዥ ተሰቅሏል። የደኅንነቱ መፈክር ደብዝዟል፤ ሰንጠረዡ ዛሬ ጠዋት ነው የታደሰው። በረራ የሠረዙ ፓይለቶች ሰንጠረዥ አልተሰቀለም፤ ደግነቱ ሁሉም ያውቃቸዋል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ በመጨረሻ «አንተስ ጥያቄ አለህ?» ይሉሃል። አጤሬራህ «ስለ ድርጅቱ ባህልና ስለ ዕድገት ዕድል ጠይቅ» ይላል። እሱን ተወውና ይህን ጠይቅ፦ ባለፈው የበረዶ ወራት «አልበርም» ያለ ፓይለት ነበራችሁ? አሁን የት ነው? «ውጪ መረብ እያሰረ ነው፣ ሄደህ አነጋግረው» ካሉህ ሄደህ አነጋግረው፣ ከዚያ ፈርም። ስለ ደኅንነት ፖሊሲያቸው ማብራራት ከጀመሩ ግን አመስግነህ ውጣ፤ ውሉን አትፈርም።